ኒንጃው በድመት ስልክ ሲደውል

ባለፉት ወራት በዚህ ዐምድ ስለ ልጆች ጥናትና ስለ ቤት ወጪ ቁም ነገር ስንጨዋወት ስለቆየን፣ በዛሬው ዝግጅታችን ጥቂት ፈገግ ብንል የሚቆጣን የለም ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ርእሳችን ፊልም ነው። ያውም ሽልማት ያገኘ፣ ሊቃውንት የተከራከሩበት ፊልም አይደለም። ስሙ «ኒንጃ ተርሚኔተር» ይባላል። በ1985 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በሆንግ ኮንግ የተሠራ፣ በጀቱ ከአንድ መለስተኛ ሠርግ ወጪ የሚበልጥ የማይመስል የጎራዴና የዝላይ ፊልም ነው።

በእኛ ዕድሜ ያሉ ሰዎች እንዲህ ያለውን ፊልም በደንብ ያውቁታል። በልጅነታችን በየሰፈሩ በነበሩት ቪዲዮ ቤቶች የካራቴና የኒንጃ ፊልም አይጠፋም ነበር። ገንዘብ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የሌለው በበር ስንጥቅ እያጮለቀ ያይ ነበር። ከዚያም ሁላችንም ወደየቤታችን ስንመለስ የእናቶቻችን ሻሽ ፊታችን ላይ ተጠምጥሞ፣ የመጥረጊያው እንጨት ጎራዴ ሆኖ ይገኛል። የተሰበረው ብርጭቆ ብዛት በአላህ ዘንድ ተመዝግቧል። የዛሬ ልጆች ቪዲዮ ቤትን አያውቁም፤ ይሁን እንጂ እነዚያው ፊልሞች በስልካቸው ውስጥ ቁጭ ብለው ጠብቀዋቸዋል።

እንግዲህ ልናፌዝበት ነው፤ ነገር ግን በፍቅር። ለምን በፍቅር እንደሆነ መጨረሻው ላይ ትረዱታላችሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ የኒንጃዎች ግዛት አለ። ግዛት ሲባል ድንበርና ጦር ያለው እንዳይመስላችሁ፤ ከጥቂት ሰዎች በላይ አይታይበትም። ይህ ግዛት ሦስት ቦታ የሚፈታ ወርቃማ የኒንጃ ሐውልት አለው። ሦስቱ ቁርጥራጮች ሲገጣጠሙ ባለቤቱን ጎራዴ አይቆርጠውም ይባላል። ሐውልቱን ስታዩት ግን ወርቅ ቀለም የተቀባ የልጅ መጫወቻ ይመስላል። ሦስት ደቀ መዛሙርት እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቁራጭ ሰርቀው ይጠፋሉ፤ ግዛቱም ይቆጣል። ከሦስቱ አንዱ ሃሪ የሚባል፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ጢሙን በሥርዓት ያሳደገ ነጭ ሰውዬ ነው። ኒንጃነቱን ማንም አልጠረጠረም። እኛም እስከ መጨረሻው አልጠረጠርንም።

የተቆጣው ግዛት ማስጠንቀቂያውን በምን የሚልክ ይመስላችኋል? በቀስት? በጨለማ በሚመጣ መልእክተኛ? አይደለም። በመጫወቻ ሮቦት ነው። ያ በየሱቁ መስታወት ውስጥ ቆሞ ልጆች የሚያለቅሱለት፣ ዓይኑ ብልጭ ድርግም የሚል ሮቦት ዝግ እያለ፣ እየተንገዳገደ ይገባል። ተንኮለኛው ግዛት በእርሱ በኩል ያስፈራራል። ትልልቆቹ ሰዎችም ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ይፈራሉ። ተዋናይነት ከባድ ሙያ መሆኑን ያመንነው ያን ጊዜ ነው።

ልብሳቸው ደግሞ ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው። ኒንጃ ማለት በስውር የሚሄድ ሰው ነው ተብለን ነበር። እዚህ ያሉት ኒንጃዎች ግን አንዱ ቀይ ይለብሳል፣ ሌላው የወታደር ዝንጉርጉር ይለብሳል፤ በጠራራ ፀሐይ አረንጓዴ መናፈሻ ውስጥ ይፋለማሉ። ይህም እንዳይበቃ በግንባራቸው ላይ ባሠሩት ጨርቅ «ኒንጃ» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። ሌባ «ሌባ» የሚል ምልክት ደረቱ ላይ ለጥፎ ገበያ ቢወጣ ከዚህ የተለየ አይሆንም። ልጆቻችን ግን ይህን አይተው «ለምን ጻፉበት?» ሲሉ «እርስ በርስ እንዳይጠፋፉ ነዋ!» ከማለት በቀር መልስ የለንም።

እዚህ ላይ ለእውነተኞቹ ሰዎች ፍትሕ እናድርግ። በጃፓን «ሺኖቢ» የሚባሉ ሰላዮች በእርግጥ ነበሩ። ኢጋ እና ኮጋ በሚባሉት ተራራማ አካባቢዎች ስማቸው የታወቀ ነው። ኦዳ ኖቡናጋ የተባለው የጦር አበጋዝ ኢጋን በ1581 በብዙ ጦር ወርሮ አጥፍቷታል። በ1676 ደግሞ ሙያቸውን የሚያስተምር «ባንሰንሹካይ» የተባለ ባለ ብዙ ጥራዝ መጽሐፍ ተጽፏል። እነዚህ ሰዎች ሥራቸው ወሬ ማምጣት፣ ሰርጎ መግባትና መጥፋት ስለነበር ገበሬ፣ ነጋዴ ወይም መነኩሴ መስለው ይሄዱ ነበር እንጂ በጥቁር ጭንብል አልነበረም። ጥቁሩ ልብስ የመጣው ከጃፓን ቴአትር ነው ይባላል። በዚያ ቴአትር መድረክ ላይ ዕቃ የሚያቀብሉ ሠራተኞች ከእግር እስከ ራስ ጥቁር ይለብሳሉ፤ ተመልካቹም እንዳላያቸው ሆኖ ያልፋቸዋል። አንድ ቀን ከነዚያ «የማይታዩ» ሰዎች አንዱ ድንገት ጎራዴ ቢመዝስ? ያን ጊዜ ነው አዳራሹ የሚደነግጠው። ጥበቡ እንግዲህ ዓይን ከለመደው ነገር ውስጥ መደበቅ ነው። ይህን ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ስልኩ። ሃሪ ጃጓር ዎንግ የሚባል ጎበዝ ወጣት ረዳት አለው። ትእዛዝ ሊሰጠው ሲፈልግ ስልክ ያነሣል። ስልኩ ብርቱካንማ ድመት ነው። በሥዕል የሚታወቀው፣ በ1978 በአሜሪካ ጋዜጦች የጀመረው ሰነፉ ድመት ጋርፊልድ ነው። እጀታውን ሲያነሡት ዓይኑን ይገልጣል፤ ሲያስቀምጡት ይጨፍናል። ሃሪ ይህን ድመት ጆሮው ላይ አድርጎ፣ በግንባሩ መሥመር ሁሉ ቁም ነገር እየተነበበበት፣ ስለ ሰዎች ሞትና ሕይወት ያወራል። ድመቱም ያዳምጣል።

በነገራችን ላይ ይህ ስልክ ከፊልሙ ውጭም ታሪክ አለው። በፈረንሳይ ብሪታኒ በሚባለው ጠረፍ ከሠላሳ ዓመት በላይ የጋርፊልድ ስልክ ስብርባሪ ከባሕር እየወጣ ዳርቻውን ሲያቆሽሽ ኖሯል። ነዋሪው ይለቅማል፤ ማዕበሉ ደግሞ ያመጣል። ከየት እንደሚመጣ የታወቀው በ2019 ነው። በ1980ዎቹ ከመርከብ የወደቀ ኮንቴይነር ማዕበል በሚደርስበት የባሕር ዋሻ ውስጥ ተቀርቅሮ ተገኘ። በመሆኑም ርካሽ ዕቃ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ቶሎ ይጠፋል ማለት አይደለም። ርካሽ ፊልምም እንዲሁ።

ይህን ፊልም ቤታችን ያየነው ቆራርጠን ነው። ለቤተሰብ የማይሆኑ ቦታዎች ስላሉት እኛ ቀድመን ለብቻችን አየነውና የሚበቃውን መርጠን ከእራት በኋላ አሳየን። የእህታችን ልጅ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ ከጎናችን ተቀምጦ በየዝላዩ ይጮኻል። እናታችን ደግሞ ቡናቸውን እያቀረቡ በጎን ዓይናቸው ያያሉ። ሲኒማ ቤት ገብተው አያውቁም፤ እንግሊዝኛም አይሰሙም። ሃሪ ለሦስተኛ ጊዜ በድመቱ ሲደውል ረከቦቱን አስተካከሉና፣

«ልጄ፣ እነዚህ ሁለቱ ሰዎች መቼ ነው የሚገናኙት?» አሉ።

«የትኞቹ እማዬ?»

«ይኼ ባለ ጢሙና ያ ልጁ። ሁልጊዜ በስልክ። አንድ ቀን አንድ ቤት ገብተው አላየኋቸውም። ተጣልተዋል እንዴ?»

ልጁ ሳቀ። እኛ ግን እናታችን የፊልሙን ምሥጢር በአንድ ሲኒ ቡና መካከል ፈልቅቀው እንዳወጡት ገብቶን ነበር። አልተጣሉም። አይተዋወቁም እንጂ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1981 «ኤንተር ዘ ኒንጃ» የሚባል፣ በማኒላ የተቀረጸ ፊልም ወጥቶ ተወደደ። ጣሊያናዊው ተዋናይ ፍራንኮ ኔሮ ነጭ ለብሶ ኒንጃ ሆነበት። ዘመኑ የቪዲዮ ካሴት በየቤቱ የሚገባበት ዘመን ስለነበር ካሴት አከራዮች መደርደሪያቸውን የሚሞላላቸው ነገር ይፈልጉ ነበር። «ኒንጃ» የሚለው ቃል ከነጭ ሰው ፊት ጋር ሽፋኑ ላይ ከታተመ ካሴቱ ይሸጣል። ይህን ያዩት አዘጋጁ ጆሴፍ ላይና ዳይሬክተሩ ጎድፍሬይ ሆ፣ አይ.ኤፍ.ዲ. በተባለው የሆንግ ኮንግ ኩባንያቸው በኩል አንድ ዘዴ አበጁ። ከኮሪያ፣ ከታይላንድ፣ ከፊሊፒንስና ከመሳሰሉት አገሮች ያለቀለት ፊልም በርካሽ ይገዛሉ። ከዚያ ጥቂት ምዕራባውያን ተዋንያንን ኒንጃ አልብሰው በጥቂት ቀናት ጥቂት ትዕይንት ይቀርጻሉ። ሁለቱን በመቀስ ቆርጠው ይሰፏቸዋል። ድምፁን ሁሉ አጥፍተው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዲስ የእንግሊዝኛ ንግግር ይሞሉበታል። በአሮጌው ፊልም ለእናቱ መድኃኒት የሚፈልግ የነበረ ሰው በአዲሱ የኒንጃ ግዛት ሰላይ ሆኖ ቢገኝ ከሳሽ የለውም።

ታዲያ በአዲሱ ቀረጻ ያለው ሰው በአሮጌው ፊልም ካለው ሰው ጋር እንዴት ይነጋገር? እዚህ ላይ ስልክ ደረሰ። ሃሪ እዚህ «ሄሎ» ይላል፤ ጃጓር ዎንግ በሌላ አገር ሰዎች በሌላ ጊዜ በሠሩት ፊልም ውስጥ ስልክ ያነሣል። በመካከላቸው ያለው ሽቦ ሳይሆን መቀስ ነው። ልብስ ሰፊ ሁለት አሮጌ ኮት ፈትቶ አንድ ኮት እንደሚያወጣው ማለት ነው፤ እጀታው ግን አንዱ ከሱፍ ሌላው ከጀርሲ ይሆናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ስፌቱ በየደረሱበት ይተረተራል። በአንዱ በኩል ዝናብ አለ፤ በሌላው ፀሐይ። የተዋናዩ አፍ ተዘግቶ ድምፁ ገና መንገድ ላይ ነው። ጎድፍሬይ ሆ በዚህና በሌላ መንገድ በልዩ ልዩ ስሞች ከመቶ በላይ ፊልሞች እንደሠራ ይነገርለታል። በኋላም የፊልም ሙያ አስተማሪ ሆኗል። ሙያው የለውም የሚል ካለ ይሳሳታል። ባለቀ ፊልም ላይ አዲስ ታሪክ መጫን ቀላል ሥራ አይደለም።

ከሳቁ በታች ግን ሰዎች አሉ። ሃሪን ሆኖ የሚሠራው አሜሪካዊው ሪቻርድ ሃሪሰን የሰነፍ ተዋናይ አልነበረም። በ1960ዎቹ በጣሊያን የጀግና ፊልሞች ስሙ የታወቀ ነበር፤ በ1975 በሆንግ ኮንግ ታላቅ ስቱዲዮ ማርኮ ፖሎን ሆኖ ሠርቷል። ክሊንት ኢስትውድን ያነሣውን የ1964ቱን የካውቦይ ፊልም አስቀድመው ጠይቀውት እምቢ በማለቱ ኢስትውድን የጠቆመው እርሱ እንደሆነ ይነገራል። ለሆንግ ኮንጎቹ ጥቂት ፊልሞች ሊሠራ ተስማማ። የተቀረጸው ምስሉ ግን ተቆራርጦ ከደርዘን በላይ ፊልሞች ውስጥ ተበተነ። ሰውዬው ያልሠራበት ፊልም ላይ ስሙ ተለጥፎ ሲያየው ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም፤ በዚህም ምክንያት ሙያው እንደተጎዳበት ኋላ ተናግሯል። በኮሪያው ወገን ደግሞ ቢጫ ዊግ ያጠለቀው ባላንጣ ህዋንግ ጃንግ ሊ ነው። ይህ ሰው በ1978 ከጃኪ ቻን ጋር በሠራቸው ሁለት ፊልሞች በእርግጫው ዓለም ያጨበጨበለት ባለሙያ ነው። ለኒንጃ ግዛት አንድም ቀን አልሠራም። ግን ፊቱን ወስደው የሌላ ሰው ቃል አፉ ውስጥ ከተቱበት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

ውድ አንባብያን፣ የሌላ ሰው ቃል አፉ ውስጥ ከተቱበት ስንል ድንገት ሳቃችን ቀዘቀዘ። ይህ ነገር በኒንጃ ፊልም ብቻ ቢቀር ምን ነበረበት!

ባለፈው ዓመት በምናውቀው ሰፈር የሆነውን እናውጋችሁ። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ በሁለት ቤተሰቦች መካከል የመሬት ጠብ ለማስታረቅ ተቀመጡ። ሲናገሩም «እነዚያ ሰዎች ሌቦች ናቸው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ሠላሳ ዓመት አውቃቸዋለሁ፣ ሌብነት አላየሁባቸውም» አሉ። አንድ ሰው ይህን በስልኩ ቀርጾ ነበር። በማግሥቱ በየሰዉ ስልክ የተሰራጨው ግን «እነዚያ ሰዎች ሌቦች ናቸው» የሚለው ብቻ ነው። ከፊቱና ከኋላው ያለው ተቆርጦ፣ ከዚያ ተከትሎ ሽማግሌው በሌላ ነገር ራሳቸውን በአዎንታ ሲነቀንቁ የሚያሳይ ምስል ተሰፍቶበታል። የተሰደበው ቤተሰብ ልጆች ዱላ ይዘው ወጡ። ሽማግሌው ምለው ተገዝተው «አላልኩም» ቢሉም የሚሰማቸው ጠፋ። ሰው ዓይኑን ከማመን ሌላ ምን ያድርግ?

ነገሩን ያበረደው ያ ስንፎክርበት የነበረው የእህታችን ልጅ ነው ብንላችሁ ታምኑናላችሁ? ቪዲዮውን ሦስቴ አየውና «አጎቴ፣ የሻይ ብርጭቋቸውን ተመልከት» አለን። ሽማግሌው ሲናገሩ ከፊታቸው ያለው ብርጭቆ ሙሉ ነው። ወዲያው ራሳቸውን ሲነቀንቁ ባዶ ነው። በመካከሉ የጠጣ የለም። «ይቺ የድመቱ ስልክ ናት» አለ ልጁ። ይህንኑ ለሁለቱ ቤተሰብ አባቶች አሳየናቸው። ከዚያም የቀረጸው ሰው ተፈልጎ ሙሉው ተገኘ፤ ዱላውም ወደ ቦታው ተመለሰ። አልሐምዱሊላህ። ሽማግሌው ግን ከዚያ ወዲህ ስልክ በተያዘበት ቦታ ሽምግልና አይቀመጡም። አንድ የሰፈር መካሪ እንደዚህ በመቀስ ተቆርጦ ቀረ።

ስለዚህ ነው ይህን ፊልም በፍቅር የምናፌዝበት። ውሸቱ እንደ ሐምሌ ፀሐይ ነው፤ ብልጭ ይላል እንጂ ማንንም አይቆላም። ስፌቱን ሊደብቅ አይሞክርም፤ ቢሞክርም አይችልም። የዛሬዎቹ ቆራጮች ግን የተሻለ መቀስ አላቸው። የሰውን ድምፅ በመሣሪያ አስመስሎ መሥራት፣ ያልተናገረውን ሲናገር ማሳየት የሚቻልበት ጊዜ ላይ ነን። ከላይ ያዙልን ያልናችሁን አስታውሱ፤ እውነተኛው ኒንጃ ቀይ ለብሶ አይመጣም፤ ዓይናችን የለመደውን ሰው መስሎ ነው የሚመጣው። የምናምነው ሰው የላከው፣ የምናውቀው ፊት ያለበት፣ ልንሰማው የምንፈልገውን የሚናገር ቪዲዮ ሆኖ ነው። እንዲህ ያለውን ለማየት ዓይን በቀላሉ ነገር መለማመድ አለበት። ልጅ ዋና የሚማረው ከወንዙ ጥልቅ አይደለም፤ ቁርጭምጭሚት ከሚደርስበት ነው።

እኛ አስተማሪዎች እንደመሆናችን ብዙ ወላጆች ሁለት ነገር ሲሉ እንሰማለን። አንዱ «ስልኩን ነጥቄ ቆለፍኩበት» ይላል፤ ሌላው «ጊዜው የእነሱ ነው፣ ምን አደርጋለሁ» ይላል። የመጀመሪያው ልጅ ከጎረቤት ስልክ ያያል። ሁለተኛው ብቻውን ያያል። ሁለቱም ልጆች ከጎናቸው የሚስቅላቸውና «ቆይ፣ ይህ እንዴት ሆነ?» የሚላቸው ሰው የላቸውም። ትልቅ ሰው አብሮ ተቀምጦ ሲስቅ ልጅ የሚማረው ቁጣ ሊያስተምረው የማይችለውን ነው። ሳቁ በልጁ ላይ እስካልሆነ ድረስ!

እንግዲህ በወር አንድ ምሽት እንዲህ ብታደርጉ እንመክራለን። አስቀድማችሁ ብቻችሁን እዩና ለቤታችሁ የሚሆነውን ብቻ ምረጡ፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ልጆቹን እንደ ጨዋታ ጠይቁ። እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ላይ የታዩበት ቦታ አለ? አፉና ድምፁ አብረው ይሄዳሉ? ብርሃኑ፣ ልብሱ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ዕቃ በድንገት አልተለወጠም? ደግሞስ ይህን የቆረጠው ሰው ምን ሊሸጥልን ነው? ስፌቱን መጀመሪያ ላገኘ ብስኩት ሸልሙ። አያቶችንም አትርሱ፤ እንግሊዝኛውን አለመስማታቸው ጸጋ ነው። ቃሉ ስለማያታልላቸው ዓይናቸው ሥራውን ይሠራል። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል የሚባለው ዓይን በትክክል ያየ እንደሆነ ነው።

ሃሪ ጎራዴውን መዞ፣ ደማቅ ጭስ እየፈነዳ ከባላንጣው ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን አንነግራችሁም፤ እናንተው እዩት። ጃጓር ዎንግ ግን አልመጣም። እስከ ዛሬም አልተገናኙም።

በሚቀጥለው ወር ስለ ፈተና ሰሞን እንቅልፍ እንጨዋወታለን፤ ኢንሻአላህ። እስከዚያው አላህ በሰላም ያቆየን።